ሁሉም ታካሚ 20 አይተነፍስም፦ የቫይታል ሳይን አለካክ ለጀማሪ የጤና ተማሪዎች

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት አታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጣት አይታዘዝም። ጋዋኑ ከሁለት ሹራብ በላይ ስለተደረበ ክንድ ማጠፍ ራሱ ሥራ ነው። ዋርዱ ውስጥ ያለው ታካሚ ብዙ ነው፤ የሚለካው ግን አንድ ተማሪ። ራውንድ (የሐኪሞች የአልጋ ለአልጋ ጉብኝት) ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ያ የታወቀው ቁጥር የሚወለደው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው። አልጋ 1፣ አተነፋፈስ 20። አልጋ 2፣ 20። አልጋ 3፣ 20።

እኔም ጽፌዋለሁ። አታችመንት ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አንዲት እናት አልጋቸው ላይ ትራስ ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል። «እንዴት አደሩ እናቴ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ። 20 ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ተረኛዋ ሲስተር ቻርቱን አየችና ምንም ሳትናገር ወደ አልጋው መለሰችኝ። የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ሰጠችኝ። «ቁጠር» አለችኝ። ቆጠርኩ። 34።

ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ። ሴትዮዋ «እግዚአብሔር» ብለው ተንፍሰው፣ «ይመስገን» ብለው ተንፍሰው፣ «ደህና ነኝ» ብለው እንደገና ተንፍሰው ነበር የመለሱልኝ። ቃሉን ሰምቻለሁ፤ ትንፋሹን ግን አልሰማሁም።

ከዚህ በታች ያለው ስለ ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ስለ አተነፋፈስ፣ ምት፣ ሙቀት፣ ግፊትና ኦክስጅን አለካክ፣ ያን ጠዋት ቢነገረኝ የምወደው ነገር ነው። በአስተማሪ ወይም በተረኛ ባለሙያ ሥር ሆናችሁ ለምትለማመዱ የነርሲንግ፣ የሚድዋይፍሪ፣ የጤና መኮንንና የሕክምና ተማሪዎች ነው የጻፍኩት። በቀኝም በግራም የምትሠሩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ስለሆነ፣ ብርዱንም፣ ከፍታውንም፣ ቆላውንም አብሬ አነሳለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር፣ ቲሸርት ለለበሰ ሰው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሴኮንድ የምትቆጥር የእጅ ሰዓት ግዙ። ስልክ አይሆንም። ስልክ ያወጣ ተማሪ ሜሴጅ የሚያይ ነው የሚመስለው፤ ብዙ ጊዜም ያያል። እስክሪብቶ ሁለት። ስቴትስኮፑን ጆሯችሁ ላይ ስታደርጉ የጆሮ ጫፎቹ ወደ አፍንጫችሁ አቅጣጫ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። ወደ ኋላ ከዞሩ ድምፁ ይደፈናል፤ «ይሄ ስቴትስኮፕ አይሰማም» ከሚሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ገልብጠው የሰኩት ናቸው።

የግፊት መለኪያው ከመነፋቱ በፊት ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ። 10 ላይ የሚያርፍ መለኪያ ሁሉንም ሰው ግፊት በሽተኛ ያደርጋል።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ አሙቁ። ይሄ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በረዶ የመሰለ እጅ ሲነካው ታካሚው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ምቱም ግፊቱም ይጨምራል። የእናንተም ጣት ከደነዘዘ ፐልስ (የደም ሥር ምት) አያገኝም።

ሳትነኩ ተመልከቱ

ታካሚው ከበር ሲገባ ጀምሩ። በእግሩ ነው የመጣው፣ ተደግፎ ነው፣ ወይስ በቃሬዛ? ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል? ከንፈሩ ምን ይመስላል? ሲጠሩት ዞር ይላል ወይስ ዓይኑ ይከደናል? የንቃት ሁኔታ በቁጥር ባይለካም ከቁጥሮቹ ሁሉ ይቀድማል። ጠርታችሁት የማይመልስ ሰው ካያችሁ ግፊት መለኪያ መፈለግ የለም። ሰው ጥሩ።

«ደህና ነኝ»ን አትመኑ። በእኛ አገር «እንዴት ነዎት?» ለሚለው መልሱ ምስጋና እንጂ የጤና ሪፖርት አይደለም። ከመንዝ ደጋ ተሳፍሮ፣ ከፌርማታው ወዲህ ደግሞ ዳገት በእግሩ ወጥቶ የመጣ አዛውንት ተሰብሮም ቢሆን «ተመስገን» ነው የሚልዎት። ይልቅ «ትናንት ማታ ተኝተው አደሩ ወይስ ተቀምጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ጥያቄ እውነት ያወጣል።

ከዚያ አስቀምጧቸው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ይረፉ። እስከዚያ ካርዱን ሙሉ፣ ስም አረጋግጡ። ወንበር ከጠፋ ወረፋው ላይ እያሉ አግዳሚው ላይ ያሳርፏቸው።

አተነፋፈስ፦ ሳይታወቅ የሚቆጠር

ከሁሉም ቀድማችሁ ይህን ቁጠሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ትንፋሹን መቆጣጠር ይችላል። «ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ካላችሁት ወይ ያፈጥናል ወይ ይይዛል። ስለዚህ ትንሽ ማታለል አለበት። የእጃቸውን አንጓ ያዙ፣ ፐልስ የምትቆጥሩ ምሰሉ፣ ዓይናችሁን ግን ደረታቸው ላይ ጣሉ።

አንድ መነሳትና አንድ መውረድ አንድ ትንፋሽ ነው። ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የአንድ ትንፋሽ ስህተት 4 ሆኖ ይመጣል።

እዚህ አገር ደረት የት ነው? ከጋቢ ሥር፣ ከበርኖስ ሥር፣ ከሁለት ሹራብ ሥር ነው። ደረቱ ካልታያችሁ ጋቢውን ገለጥ እንዲያደርጉ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ወይም ብርዱ ካስቸገረ እጃቸውን ራሳቸው ሆዳቸው ላይ እንዲያሳርፉ አድርጉና የእጁን መነሳት ቁጠሩ። እኔ በዚህ ዘዴ ብዙ አዛውንት ቆጥሬያለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም።

ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። 25 ሲያልፍ ዝም አትበሉ፤ 30 ከደረሰ ወዲያውኑ ለባለሙያ ንገሩ። 8 እና 9 ሲሆንም እንደዚያው፤ ቀርፋፋ ትንፋሽ ከፈጣኑ ባልተናነሰ ያስፈራል።

አተነፋፈስ ለምን ይህን ያህል ይከበራል? ሳንባ ሲታመም ይፈጥናል፤ ይሄ ግልጽ ነው። ግን ሳንባ ጤነኛ ሆኖም ይፈጥናል። ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛ አንጎል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በትንፋሽ አውጥቶ አሲዱን ለመቀነስ ይሞክራል። ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶ ኬቶን የሚባል አሲድ የተጠራቀመበት ሰው፣ ኢንፌክሽን ደሙን የመረዘው ሰው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ሁሉም በፍጥነት ይተነፍሳሉ። ግፊታቸው ገና 120 እያለ ትንፋሻቸው አስቀድሞ ይናገራል።

ሕፃናት ላይ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ይህን ግን በቃል ያዙት። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። የሚያለቅስ ሕፃን አይቆጠርም። እናቱ ጡት ታጥባው፣ ዝም ይበል፣ ወይም ይተኛ። ከ2 ወር በታች ሆኖ 60 ከሞላ ወይም ካለፈ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ጨቅላ አተነፋፈሱ ወጥ አይደለም። ቁጥሩን ስትጨርሱ የጎድን አጥንቱን ታች እዩ። ወደ ውስጥ ሲተነፍስ የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሮጣችሁ ንገሩ።

ፐልስ

ከአውራ ጣት ሥር፣ በአንጓው ውስጠኛ ጎን ነው። በሌባና በመሃል ጣታችሁ ዳስሱ። በአውራ ጣታችሁ አይሆንም፤ የራሳችሁን ምት ትቆጥራላችሁ። አትጫኑ፤ ጫን ስትሉት ይጠፋል።

ወጥ ከሆነ 30 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ። ከተዘበራረቀ ሙሉ ደቂቃ። ያረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ነው። ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ፤ ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት፣ ወጥ ነው ወይስ አይደለም፣ ሙሉ ነው ወይስ ክር የመሰለ። ክር የመሰለ ፈጣን ምት የደም መፍሰስ ወይም የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ትኩሳት ምትን ያፈጥናል፤ በአንድ ዲግሪ ወደ 10 ምት ገደማ። ስለዚህ 39 ዲግሪ ያለው ሰው ምቱ 110 ቢሆን አይገርምም። ትኩሳቱ ወርዶ ምቱ ካልወረደ ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሙቀት፣ እና አንድ የሰሜን ሸዋ ጥያቄ

ብብት ላቡ ይጠረግ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ብብቱ መሃል፣ ከቆዳ ጋር ይግባ፤ ሸሚዝ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር የሸሚዙን ሙቀት ነው የሚለካው። ክንድ ከጎን ይጣበቅ። ዲጂታሉ እስኪጮህ ጠብቁ። የሜርኩሪው ከሆነ አስቀድማችሁ ከ35 በታች አራግፉትና 5 ደቂቃ ያዙት። የሜርኩሪው ከምርት እየወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ማምረቱንና በንግድ ማስገባቱን እስከ 2020 ድረስ ማቆም ይላል። መሳቢያ ውስጥ ካገኛችሁትና ከተሰበረባችሁ በባዶ እጅ አትሰብስቡት፤ በመጥረጊያም አትጥረጉት፤ መስኮት ክፈቱና ኃላፊውን ጥሩ።

በብብት ከ36.5 እስከ 37.5 ደህና ነው። ብርድ ላይ ቆይቶ አሁን የገባ ሰው ቆዳው ስለሚቀዘቅዝ ጥቂት ይቆይና ይለካ።

ዝቅተኛ ሙቀት እንዳያመልጣችሁ። ጨቅላ ሕፃንና አዛውንት ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ከመሞቅ ይልቅ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ልክ 38 እንደሞላው ሕፃን አደገኛ ምልክት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ «ብርዱ ነው» ማለት ቀላል ነው። ብርዱም ሊሆን ይችላል። እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ፣ ኮፍያ አልብሳችሁ፣ በዚያው ቅጽበት ለባለሙያ ንገሩ።

ትኩሳት ያለው አዋቂ ካገኛችሁ ደግሞ ቁጥሩን ጽፋችሁ አታቁሙ። «ቆላ ወርደው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሰሜን ሸዋን በአውቶቡስ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ያልፋል፤ ጉም ውስጥ ዋሻውን ታልፋላችሁ። ከዚያ መኪናው በጠመዝማዛው ቁልቁለት ይወርዳል፤ ደብረ ሲናን ያልፋል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ጋቢው ጭን ላይ ተጣጥፏል። ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ወባ ከማይራባበት ወባ ወደሚራባበት ወርዳችኋል። ደጋው ላይ የሚኖር ጎልማሳ ማሾ ለመልቀም ወይም ለሌላ የቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ይመለሳል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከተነከሰ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይነሳል። ያኔ ሰውየው ቤቱ ገብቷል፣ ጋቢውን ለብሷል፣ ደጋ ላይ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሰው ሲያየው ብርድ የመታው ይመስላል።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብላችሁም አታጥሩት። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለውን ወቅት በተለይ ልብ በሉ። መልሱን ከሙቀቱ አጠገብ ጻፉት፤ «38.9፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀወት ነበር» (ቀወት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለ ቆላ ነው)። ይህች አንዲት መስመር የደም ምርመራ ታዛለች።

የደም ግፊት፦ ብዙ ሰው የሚያበላሸው

የዘመኑን ካፍ (ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋውን ጨርቅ) ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1896 አስተዋወቀ። በ1905 ደግሞ ኮሮትኮፍ የተባለ ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በስቴትስኮፕ የሚሰሙትን ድምፆች ገለጸ (ሁለቱም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው)። እስከ ዛሬ የምንሰማው ያንኑ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም እንሳሳታለን። ስህተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጆሮ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ጠይቁ። ቡና ጠጥተዋል? እዚህ ጋ ሳቅ ይመጣል፤ ግቢው በር ላይ ጀበና ተደርድሯል፤ ማን ሳይጠጣ ይገባል? ቡና ወይም ሲጋራ ከሆነ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ሽንት ይዟቸዋል? ይሂዱና ይመለሱ፤ የተወጠረ ፊኛ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ጀርባ ይደገፍ፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ እግር በእግር ላይ አይነባበር። ወሬ የለም። እናንተም አታውሯቸው።

ቀጥሎ ክንድ። ራቁቱን። በዚህ አልደራደርም። አንድ ጊዜ ከመንዝ የመጡ እትዬ ክንድ ላይ ካፉን በሹራብና በጥለቱ ወፍራም ቀሚስ ላይ ጠምጥሜ ለክቼ 170 አገኘሁ። እጅጌውን ወደ ላይ ጠቀለልኩት፤ አሁን ደግሞ እጅጌው ክንዳቸውን እንደ ገመድ አነቀው። መጨረሻ ላይ መጋረጃ ስበን፣ አንድ እጃቸውን ከሹራቡ አውጥተን፣ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ደርበን ለካን። 142 ሆነ። ሴትዮዋም «ከመጀመሪያው አውልቂ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጊዜ የፈጀብኝ ላለማውለቅ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ነው።

የካፍ ልክ። ውስጡ ያለው ፊኛ የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ካፉ ለክንዱ ከጠበበ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ለወፍራም ክንድ ትልቁን ጠይቁ። የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ይረፍ። ተንጠልጥሎ ከቀረ ቁጥሩ ይጨምራል።

አሁን መለካት። ተማሪ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ስቴትስኮፑን ከማድረጋችሁ በፊት በአንድ እጃችሁ የአንጓውን ፐልስ ያዙና በሌላው ንፉ። ፐልሱ የጠፋበትን ቁጥር ያዙ፤ 130 እንበል። ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱትና ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ለምን? አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ግፊት የቆየባቸው አዛውንት ላይ፣ ድምፁ ከላይ ጀምሮ መሃል ላይ ይጠፋና ቆይቶ ይመለሳል። እናንተ ያ ጸጥታ ላይ ከጀመራችሁ 190 የሆነውን ሰው 150 ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ጣት ግን አይሸወድም።

ከዚያ ስቴትስኮፑን ክርን መታጠፊያው ላይ፣ በውስጠኛው ጎን፣ ምቱ በሚዳሰስበት ቦታ አሳርፉ። ካፉ ሥር አታስገቡት። ቅድም ከያዛችሁት በ30 አስበልጣችሁ ንፉ፤ 160 ማለት ነው። ቫልቩን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ መርፌው በሴኮንድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይውረድ። ችኮላ እዚህ ጋ ነው የሚያስወቅሰው። የመጀመሪያው «ዱብ» የላይኛው ነው። ድምፁ ጨርሶ የጠፋበት የታችኛው ነው። ካፉ ሙሉ ሲነፋ የደም ቧንቧው ተዘግቶ ስለነበር ጸጥ ይላል፤ ሲላላ ደሙ በጠባቧ ቀዳዳ እየተጋጨ ስለሚያልፍ ድምፅ ይሰጣል፤ ቧንቧው ሙሉ ሲከፈት ግጭቱ ይቀርና እንደገና ጸጥ ይላል። ይህን ካወቃችሁ የትኛው የላይኛው እንደሆነ መሸምደድ አያስፈልግም።

አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ከሆነ ሁለቱም ክንድ ይለካ፤ ከፍ ባለው ትቀጥላላችሁ። መለኪያው በ2 በ2 ነው የተከፋፈለው። ስለዚህ 134/86 ልትጽፉ ትችላላችሁ። ገጹ ሁሉ 120/80፣ 130/90፣ 110/70 ከሆነ የሚያየው ሰው ያውቃል።

140/90 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፤ ግን በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ሰውን «የግፊት ሕመምተኛ ነዎት» አይባልም፤ በሌላ ቀን ይደገማል። ነፍሰ ጡር ላይ ነገሩ ይለያል። ከ20 ሳምንት በኋላ 140/90 ካገኛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሚድዋይፏ ንገሩ። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከእምብርት በላይ ሕመም እንዳለ ጠይቁ። ሽንቷ ለፕሮቲን ይታይ። 160/110 ከሆነ ድንገተኛ ነው።

ኦክስጅን፦ ከፍታና ከሰል

ፐልስ ኦክሲሜትር ጣት ላይ ይሰካል፣ ቁጥር ያወጣል። በጣም ቀላል ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ተጠራጠሩት።

ጣቱ ከቀዘቀዘ ደም በደንብ አይደርስበትም፤ መሣሪያው ያልሆነ ቁጥር ይሰጣል። አሻሹት፣ አሙቁት። ኩቴክስ ወይም ሂና ካለ ሌላ ጣት ፈልጉ። መሣሪያው የሚያሳየውን ምት ቅድም በእጃችሁ ከቆጠራችሁት ጋር አስተያዩ። እናንተ 96 ቆጥራችሁ እሱ 58 ካለ፣ የኦክስጅኑንም ቁጥር አትመኑት።

አሁን ወደ ከፍታው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደብረ ብርሃንም ሆነ ባሕር ዳርቻ 21 በመቶ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት 2,800 ሜትር ላይ ወደ 540 ገደማ ይወርዳል። ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ ያለው ከ95 እስከ 100 እዚህ ለሁሉም ጤነኛ አይሠራም፤ ደህና ሆኖ 92 ወይም 93 የሚያሳይ ሰው ታገኛላችሁ። ከቆላ ትናንት የመጣ ተማሪ ፎቅ ሲወጣ ቢያለከልክ አትሳቁበት።

ግን ይሄ ማመካኛ እንዳይሆን። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች አማካይ ኦክስጅናቸው 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከእኛም ከፍ ብሎ ማለት ነው። እና አንድ የደጋ ሰው 86 ሆኖ ሲመጣ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ትንፋሹን እዩ፣ ከንፈሩን እዩ፣ ተናገሩ።

ተቃራኒው ወጥመድ ደግሞ ከሰል ነው። ሌሊቱ ሲከብድ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ ይተኛል። ጠዋት ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት፣ ግራ ተጋብቶ ይመጣል። ኦክሲሜትሩ 98 ይላል። ውሸት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመ ደም ለመሣሪያው ኦክስጅን የተሸከመ ደም ይመስለዋል። በአንድ ቤት የተኙ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ራስ ምታት ይዘው ከመጡ ስለ ከሰሉ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ቆንጆ ቢሆንም ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋልና ቶሎ ለሐኪም ንገሩ።

ቁጥሮቹን አንድ ላይ ማንበብ

አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ትናንት ማታ የወለደች እናት አለች እንበል። ማታ ምቷ 84፣ ግፊቷ 118/76። ሌሊት ምቷ 102፣ ግፊቷ 114/78። አሁን 124 እና 108/80። ግፊቷን ብቻ ያየ «ደህና ነች» ይላል። ሦስቱን መስመር ያየ ግን ምቷ እየወጣ፣ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ መሆኑን ያያል። ደም እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል። ሰውነት ደም ሲጎድለው መጀመሪያ ልብን ያፈጥናል፣ ቧንቧዎችን ያጠብባል፤ በዚህም ግፊቱን ይይዘዋል። አዋቂ ሰው ካለው 5 ሊትር ገደማ ደም ሲሶው ሊፈስ ሲል ነው ግፊቱ በግልጽ የሚወድቀው። ግፊት እስኪወድቅ የጠበቀ ዘግይቷል። አንሶላውን ገልጣችሁ እዩ፤ ማህፀኗ መጠንከሩ ይዳሰስ፤ ሚድዋይፏን ጥሩ።

ስለዚህ አዲስ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት የቀደመውን አንብቡ። ይሄ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

መጻፍና መናገር

ወዲያው አልጋው አጠገብ ጻፉ። መዳፍ ላይ የተጻፈ ቁጥር በእጅ መታጠብ ይሄዳል፤ በቃል የተያዘው ደግሞ ከአልጋ 6 ወደ አልጋ 7 ይዘዋወራል። ሰዓቱን ጻፉ፤ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ፣ ዋርዱ የሚጠቀምበትን። «2 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ማታ የሚገባው ተረኛ ከጠዋቱ ነው ከሌሊቱ እያለ ይጨቃጨቃል። ያልለካችሁትን ባዶ ተዉት። «ካፍ ጠፍቶ አልተለካም» ብሎ መጻፍ ያስወቅስ ይሆናል፤ ሰው ግን አይጎዳም።

ያልተለመደ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ ድገሙት፤ ታካሚው መጥፎ ከመሰላችሁ ግን መድገሙን ትታችሁ ሂዱ። ስትናገሩ «ሲስተር፣ አልጋ 4 ያሉት ሴትዮ ትንሽ ደስ አላሉኝም» ማለት አይጠቅምም። እንዲህ በሉ፦

«ሲስተር፣ አልጋ 4፣ የ60 ዓመት እናት፣ በሳንባ ምች የተኙት። አተነፋፈሳቸው ሌሊት 24 ነበር፣ አሁን ሙሉ ደቂቃ ቆጥሬ 34 ነው። ፐልስ 116፣ ወጥ ነው። ሙቀት 38.4። ግፊት 104/62። ኦክስጅን 85፣ ጣታቸውን አሙቄ ሁለቴ ለክቼዋለሁ። ሲያወሩ ይቆራርጣሉ። ቀና አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ። አሁን መጥተው ቢያዩልኝ።»

እሷ ስትነሳ አብራችኋት ሂዱ። ጨርሳችሁ ስትመለሱ ካፉንና ስቴትስኮፑን በአልኮል ጥረጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። አልጋ 5 ገና አልተለካም።